«ኖክአውት ማውስ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ሰላም ቤቶች። የባዮሎጂ ጽሑፍ እየተረጎምኩ «ኖክአውት ማውስ» ላይ ቆምኩ፤ አንድ ጂኗ ሆን ተብሎ እንዳይሠራ የተደረገ የቤተ ሙከራ አይጥ ማለት ነው። በቦክስ «በዝረራ» ስለምንል መጀመሪያ «የተዘረረች አይጥ» ብዬ ነበር። ሳነበው ግን አይጧ በጡጫ የወደቀች ይመስላል። «ጂኗ የመከነ አይጥ» ብለውስ?

—
ሰላም ወንድሜ። ልክ ነህ፣ የምትዘረረው አይጧ አይደለችም። ከሺህዎቹ ጂኖቿ ተለይቶ የተመረጠው አንዱ ነው።

«መከነ» ጥሩ ቃል ነው፤ ፈንጂ ሲመክን የምንለው ነው። ችግሩ «መካን» ከጎኑ አለ። አንባቢ አይጧ የማትወልድ ይመስለዋል። ተመራማሪዎች ደግሞ እነዚህን አይጦች የሚያበዙት እያዋለዱ ነው።

እኔ «ሥራ የፈታ ጂን» እላለሁ። የዘዴው ዓላማም ይኸው ነው፤ ጂኑን ሥራ አስፈትቶ ምን እንደጎደለ ማየት። እናት ከቤት የወጣች ቀን ምን ያህል ትሠራ እንደነበር እንደሚታወቀው ማለት ነው። ፒ53 የሚባለውን ጂን ውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1992 ይህ ጂን ሥራ የፈታባቸው አይጦች ይፋ ሲደረጉ፣ አብዛኞቹ ደህና ሆነው ነበር የተወለዱት። በወራት ውስጥ ግን ዕጢ ያበቅሉ ጀመር። ጂኑ ዘበኛ ነበር ማለት ነው።

—
«የጂን አርትዖት»ስ? ዜናው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

—
እሱ እዚህ ቦታ ላይ ቅር ይለኛል። «አርትዖት» ከግዕዙ «ረትዐ» ነው የመጣው፤ ቀና፣ ተስተካከለ ማለት ነው። «ርትዕ» እና «ርቱዕ» ዘመዶቹ ናቸው። አርታኢ የተጣመመ ያቃናል። እዚህ ግን ደህናውን ጂን ሆን ብለው ነው የሚያሰናክሉት። ክሪስፐር ለሚባለው አዲሱ ጂን የመቁረጥ ዘዴ አጠቃላይ መጠሪያ ይሁን፣ ተለምዷል። ኖክአውት አይጦች ግን ክሪስፐርን ይቀድሙታል። የመጀመሪያዎቹ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ሳይንቲስቶቹ ካፔኪ፣ ኤቫንስ እና ስሚዚስ በ2007 ኖቤል የተሸለሙት ለዚሁ ዘዴ ነው። ክሪስፐር ጂን መቁረጫ መሣሪያ መሆን እንደሚችል የታየው በ2012 ነው። ስለዚህ የ90ዎቹን ሥራ «አርትዖት» ብትለው ዘመኑንም ታደባልቃለህ።

—
ተባረኩ። «አንድ ጂኗን ሥራ ያስፈቷት አይጥ» ብዬ አስገብቻለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ «ኖክአውት»ን አጠገቡ አኖራለሁ።

—
ጥሩ። «ራት» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ካጋጠመህ ደግሞ «አይጠ መጎጥ» በለው። ሁለቱንም «አይጥ» ካልካቸው የትኛዋ እንስሳ እንደሆነች ይጠፋል።