ቆጣሪው ላይ መሃል ያለችው ፊደል ለምን ትልቅ ሆነች?

የአዳማዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ፍራንኮ አካባቢ ነው። ትናንት ማታ የመብራት ካርድ አስሞልቼ ቆጣሪው ላይ ሳስገባ አምስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር። ከቁጥሩ ጎን ያሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አይታ «እማዬ፣ ኬዋም ትንሽ ናት፣ ኤቿም ትንሽ ናት፤ መሃል ያለችው ዳብልዩ ለምን ትልቅ ሆነች?» አለችኝ። ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው ብላት ባሰባት። «ኪሎማ የሽንኩርት ነው፤ መብራት ይመዘናል እንዴ? ዋትስ ምንድን ነው?» አባቷ «የመብራት መለኪያ ነው» ብሎ አለፈው፤ የእኔም እውቀት ከዚያ አያልፍም። እሷ ግን ከልቧ ነው የጠየቀችው። የሚያውቅ ካለ በእሷ ልክ ያስረዳልኝ።

ምጣድ ሠሪው፦
እህቴ፣ ልጅሽ ዓይኗ ጥሩ ነው። ዳብልዩዋ ትልቅ የሆነችው የሰው ስም መነሻ ስለሆነች ነው። ሰውየው ጄምስ ዋት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1736 ስኮትላንድ ውስጥ ግሪኖክ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ኪሎ ደግሞ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ ሺህ ማለት እንጂ ክብደት ማለት አይደለም። የሽንኩርቱም ሙሉ ስሙ ኪሎግራም ነው፣ ሺህ ግራም። ግራሙን ከአፋችን ስለጣልነው ነው ልጅቷ የተደናገረችው።

እኔ ገንደ ገራ ምጣድ እሠራለሁ፣ የተቃጠለ ሽቦም እቀይራለሁ። ዋትን የምወደው እሱም ጠጋኝ ስለነበረ ነው። ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሣሪያ እየሠራና እየጠገነ ሲኖር፣ በ1763 ገደማ ለማስተማሪያ የምታገለግል ትንሽ የእንፋሎት ሞተር መጣችለት። ጠግኖ ሲያስነሳት ጥቂት ሠርታ ትቆማለች፤ እንፋሎት አይበቃትም። ሌላው «ተሠርታለች» ብሎ ይመልሳት ነበር። እሱ እንፋሎቱ የት እንደሚባክን ፈለገ። ለካ እንፋሎቱ የሚገባበት የብረት በርሜል፣ ሲሊንደሩ የሚባለው፣ በየምቱ በውሃ ይቀዘቅዝና እንደገና መጋል አለበት፤ አብዛኛው እንፋሎት ብረት ሲያሞቅ ያልቃል። በ1765 መላው መጣለት፦ ሲሊንደሩ እንደጋለ ይቆይ፣ እንፋሎቱ ሌላ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይቀዝቅዝ። ደንበኞቼ እንጀራ ባወጡ ቁጥር አክንባሎውን ከፍተው ወሬ ሲይዙ ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

በኋላ ሞተሩን ሲሸጥ፣ ገዢዎቹ ወፍጮና ፓምፕ በፈረስ የሚያሠሩ ሰዎች ነበሩ። የስንት ፈረስ ሥራ እንደሚሠራ መንገር ነበረበት። አንድ ፈረስ ብሎ የያዘው ልክ፣ 76 ኪሎግራም ገደማ በ1 ሰከንድ 1 ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። የውሃ ፓምፕ ላይ የምናየው የፈረስ ጉልበት ይኸው ነው፤ 746 ዋት ይሆናል።

ለልጅሽ እንዲህ በያት፦ 100 ግራም የሚሆን ቲማቲም በ1 ሰከንድ 1 ሜትር ወደ ላይ ካነሳች 1 ዋት ያህል ነው። እኔ የምሠራው ምጣድ 3,500 ዋት ነው፤ በየሰከንዱ 3,500 ቲማቲም ማንሳት ማለት ነው። 1 ሰዓት ሙሉ ከጋገርሽበት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ከካርድሽ ይቀነሳል። ይህ ኃይል በቤታችን መብራት ግፊት፣ በ220 ቮልት፣ ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው፤ አምፔር በሽቦው የሚያልፈው የኮረንቲ መጠን ነው። እባካችሁ ምጣድ በቀጭን ኤክስቴንሽን አትሰኩ፤ ሶኬቱ ቀልጦ፣ ግድግዳው ጠቁሮ ስንት ቤት ገብቻለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር፦
ልጄ፣ የጠጋኙን ነገር ደስ በሚል መንገድ ነው የነገርከን። አንድ ነገር ልጨምር። ዋት በ1819 ሲሞት በኮረንቲ የበራ ቤት አልነበረም። መለኪያው በስሙ እንዲጠራ ሐሳብ ያቀረበው መሐንዲሱ ዊልያም ሲመንስ ነው፣ በ1882። ሥራው በፈረስም ይሠራ በእንፋሎትም በኮረንቲም፣ በሰከንድ ስንት ተሠራ የሚለው ጥያቄ አንድ ነውና። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፓሪስ ላይ በተደረገ ጉባኤ ቮልት በጣሊያናዊው ቮልታ፣ አምፔር በፈረንሳዊው አምፔር ስም ጸድቀው ነበር። የሁለቱም ምልክት ትልቅ ፊደል ነው።

ልጅቷ ግን ትልቅ ፊደል ሁሉ የሰው ስም እንዳይመስላት። የሜጋዋት ኤም ትልቅ የሆነችው፣ ትንሿ ኤም ሚሊ ለሚባለው፣ ለአንድ ሺህኛው፣ ስለተያዘች ነው። ሜጋ ሚሊዮን ነው። ወደ ኮረብታው ቀና ብላ ከነፋስ ተርባይኖቹ አንዱን ትመልከት፤ ነፋሱ በደንብ ሲነፍስ 1.5 ሜጋዋት ያመነጫል። ከ420 በላይ ምጣድ በአንዴ ያግላል ማለት ነው። የአዳማ አንድ ጣቢያ 51 ሜጋዋት፣ የአዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋዋት ነው።

የአዳማዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መምህር፤ አንተም ወንድሜ። ሁሉንም አነበብኩላት። ቲማቲሙ ጋ ስንደርስ ተነስታ ምጣዳችንን ከሥሩ አጎንብሳ አየችው። የእኛን የሠራው ሰው በማርከር 3,200 ብሎ ጽፎ፣ ዳብልዩዋን ትንሽ አድርጓታል። እስክሪብቶ አምጥታ አተለቀቻት።