«ዓባይ የእኛ ነው» የሚለው ክርክር በሥነ ምግባር ሚዛን ይቆማል?

ጠያቂ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ ስሆን የመመረቂያ ጽሑፌን የማዘጋጀው በድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ሥነ ምግባር ላይ ነው። ብዙዎቻችን፣ በተለይም በጎጃም ተወልደን ያደግን፣ ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ስለሚነሣ ባለቤቶቹ እኛ ነን ብለን እንከራከራለን። ይሁን እንጂ አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ቤይትዝ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ክርክር፣ የተፈጥሮ ሀብት በአንድ አገር ድንበር ውስጥ መገኘቱ ማንም ደክሞ ያላመጣው አጋጣሚ ስለሆነ፣ ለዚያ አገር ሕዝብ ብቻ የተለየ የሞራል መብት አይሰጥም ይላል። ይህን ከተቀበልን መከራከሪያችን ይፈርሳል? ካልተቀበልነውስ የታችኛው ተፋሰስ አገሮች፣ ማለትም ሱዳንና ግብፅ፣ ስለ ፍትሕ ለሚያነሡት ጥያቄ ምን መልስ አለን?

መልስ፦ መምህር፣ ባሕር ዳር

ጥያቄህ የሚገባው ነው። የቤይትዝን ሐሳብ ከተቀበልህ ግን በአንዱ ወገን ላይ ብቻ እንዲሠራ አታድርገው። ምንጩ በእኛ ምድር መሆኑ አጋጣሚ ከሆነ፣ ሌላው አገር ቀድሞ መጠቀሙም ከጉልበትና ከቅኝ ግዛት ታሪክ የመጣ አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ብሪታንያ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ስትዋዋል፣ ያለ እርሷና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የዓባይን፣ የጣናንና የሶባት ወንዝን ፍሰት የሚያቆም ሥራ እንዳይሠራ አስገብታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ግብፅና ሱዳን፣ አብዛኛው ውኃ የሚመነጭባት ኢትዮጵያ ባልተጠራችበት ጠረጴዛ፣ ለግብፅ 55.5 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ተከፋፈሉ። «ታሪካዊ መብት» የሚባለው በዚህ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ በቤይትዝ ሚዛን ከእኛው የባለቤትነት ክርክር ይልቅ የሚቀል ይመስለኛል።

«ከእኛ ስለሚነሣ እንደፈለግን» የሚለውን አቋም ግን እኔም አልደግፈውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሃርመን እ.ኤ.አ. በ1895 በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ጉዳይ አገራቸው ለሜክሲኮ አንዳች ግዴታ እንደሌለባት አስተያየት ሰጥተው ነበር፤ ሆኖም አሜሪካ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1906 ለሜክሲኮ ውኃ ለመልቀቅ ተዋዋለች። የተሻለው መሠረት ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም ነው። እ.ኤ.አ. የ1997ቱ የተባበሩት መንግሥታት ኮንቬንሽን ይህን ሲዘረዝር መልክዐ ምድርን፣ በውኃው ላይ የተመሠረተውን ሕዝብ፣ ያለውንና ወደ ፊት የሚኖረውን አጠቃቀም፣ ሌላ አማራጭ መኖር አለመኖሩን በአንድነት እንዲመዘኑ ያዛል። በዚህ ሚዛን ኢትዮጵያ ጠንካራ ክርክር አላት። ዋጋው ደግሞ በድርቅ ዓመት ስለ ውኃ አለቃቀቅ መነጋገርንና መረጃ መለዋወጥን እንደ ግዴታ መቀበል ነው።

መልስ፦ የመስኖ ባለሙያ፣ መራዊ

መምህር ያሉትን እየደገፍሁ፣ «ማንም ያልደከመበት» በሚለው ላይ ልቃወም። ማዕድን መሬት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ ወንዝ ግን የሚኖረው ተፋሰሱ ሲኖር ነው። በጎጃም በጮቄ ተራራ ተዳፋቶች ላይ በየዓመቱ ጥርና የካቲት አርሶ አደሩ ያለ ክፍያ ወጥቶ ድንጋይ እየተሸከመ እርከን ይሠራል፤ የግጦሽ መሬቱን ከልክሎ ሣሩን አጭዶ ይመግባል። ያ ድካም አፈሩን ከያዘ፣ በሱዳን የሮዛይረስን ግድብ ሲሞላ የኖረው ደለል ይቀንሳል። እዚህ ላይ አጋጣሚ የሚባል ነገር የለም፤ የሰው ጉልበት ነው።

በባህላዊ መስኖ በምንሠራበት አካባቢ ውኃውን የሚያከፋፍለው የውኃ አባት ተራ ሲያወጣ አይቻለሁ። ማሳው ከቦዩ ራስ ላይ በመሆኑ ብቻ ሁለት ተራ የሚወስድ የለም፤ ግርጌ ያለውም «አባቴ ሙሉውን ሲያጠጣ ኖሯል» ብሎ አዲስ ማሳ እንዳይከፈት መከልከል አይችልም። ውኃው ሲሳሳ ሊደርቅ የደረሰው ሽንኩርት ይቀድማል። በቦይ ጠረጋ ቀን ያልወጣ ሰው ደግሞ ተራው ይዘለላል። ሦስቱም፣ ማለትም ፍላጎት፣ ድርሻና ድካም፣ አብረው ይታያሉ። በአገሮች መካከል ያለው ድርድር ስለ ሦስተኛው ሲናገር ብዙም አልሰማሁም።

መልስ፦ የታሪክ አንባቢ፣ ዳንግላ

ወንድሜ፣ በመንግሥታት መካከል የውኃ አባት የለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ነበረች፤ ስትወረር በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ነዳጅን እንኳ አላካተተም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1936 በጄኔቭ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ታንክ ግን አላቆመም። ዛሬም የሚደራደሩን ፍትሕ ስለጠየቅን ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ2011 የሕዳሴውን ግድብ መሠረት ስለጣልን፣ ሕዝቡም ቦንድ ገዝቶ ስላቆመው ነው። የሥነ ምግባር ክርክር ከአቅም በኋላ የሚመጣ ነው።

መልስ፦ መምህር፣ ባሕር ዳር

የጄኔቩን መራራ ትምህርት አልክድም። ነገር ግን አቅም ብቻ ከሆነ ዳኛው፣ የ1902ቱም ሆነ የ1959ኙ ውል ፍትሐዊ አልነበረም ለማለት አፍ አይኖረንም፤ ያኔ አቅሙ የእነርሱ ነበርና። ውኃውን በፍትሐዊነት ስለ መጠቀም የሚደነግገው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በሥራ ላይ የዋለው ድሆቹ የላይኛው ተፋሰስ አገሮች ለዓመታት ስለተከራከሩ ነው። ግብፅና ሱዳን አልገቡበትም፤ ቢሆንም ነገ የሚዳኙበት ጽሑፍ አለ።

ጠያቂ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጥናቴን ማዕከል ከባለቤትነት ወደ ድካም ድርሻ ለማዞር አስቤአለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ የታችኛው አገሮች ለተፋሰስ ጥበቃው ድርሻቸውን ይክፈሉ ብንል፣ ክፍያው የሚገባው ለመንግሥት ነው ወይስ እርከኑን ለሠራው አርሶ አደር?

መልስ፦ የመስኖ ባለሙያ፣ መራዊ

ለአርሶ አደሩ ነው፤ ቢያንስ ለቀበሌው የተፋሰስ ኮሚቴ መድረስ አለበት። ነገር ግን ከካርቱም ወይም ከካይሮ ከመጠየቃችን በፊት፣ ከግድቡ መብራት የሚያገኙት የራሳችን ከተሞች ለጮቄ ገበሬ ምን እንደሚከፍሉ በጽሑፍህ ብትመረምር መልካም ነው።