ጀርመን ትንሽ ከተማ ውስጥ ከስደተኞች ጋር ኢንተርንሺፕ፤ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ሊያ_ሶሻልወርክ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የሶሻል ወርክ ተማሪ ነኝ፣ መመረቂያዬ ተቃርቧል። ውጭ አገር ከስደተኞች ጋር የሚያሠራ ኢንተርንሺፕ እየፈለግኩ ነው። በርሊን ያመለከትኩባቸው አንዳቸውም አልመለሱልኝም። ጎቲንገን የምትባል ከተማ ያለ አንድ ትንሽ የምክር ቢሮ ግን በቪዲዮ አነጋገረኝና ለስድስት ወር ነይ አለኝ። ጓደኞቼ «እዚያ ድረስ ሄደሽ ገጠር ልትቀመጪ ነው?» እያሉ ልቤን ሁለት አድርገውታል። ለመሆኑ እዚያ ስደተኛ አለ? ፎቶ ኮፒ ሳነሳ ከርሜ ልመለስ ነው? ጀርመንኛዬ ያግባባኛል እንጂ ያን ያህል አይደለም። የምታውቁ እንደ እህት ምከሩኝ።

ወይዘሪት ፋይል

ሊያዬ፣ እኔ እዚያው ጎቲንገን ነው የሠራሁት፤ ሌላ ቢሮ ቢሆንም። በእኔ እምነት ሂጂ። ገጠር የሚሉሽን ደግሞ እርሺያቸው፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የሚኖርባት የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት።

ስደተኛ አለ ወይ ላልሽው፣ ሞልቷል። ጀርመን ጥገኝነት የጠየቀ ሰው በመረጠው ከተማ አይኖርም። መጀመሪያ በ16ቱ ክፍለ ግዛቶች መካከል በኮታ ይከፋፈላል። ኮታው ሁለት ሦስተኛው በግብር ገቢ፣ አንድ ሦስተኛው በሕዝብ ብዛት ነው የሚሰላው። ከዚያ ክፍለ ግዛቱ በተራው ወደ ከተሞችና ወረዳዎች ይመድባቸዋል። ስለዚህ ስሙን ሰምተሽ የማታውቂው ቦታ ሁሉ ሰው አለ። ጠበቃና አስተርጓሚ ግን እንደ በርሊን አታገኚም። ሥራው የሚበዛብሽም ለዚህ ነው።

ደግሞ በአካባቢው ባቡር ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ስትዪ ፍሪድላንድን ታገኛለሽ። ከ1945 ጀምሮ ሰው ሲቀበል የኖረ ካምፕ ነው። መጀመሪያ ከምሥራቅ የተፈናቀሉ ጀርመኖችንና የጦር ምርኮኞችን፣ በ1956 ሃንጋሪዎችን፣ ኋላ ደግሞ ቺሊዎችንና በጀልባ የተሰደዱ ቬትናሞችን አስተናግዷል። ዛሬም ይሠራል። የድሮው ባቡር ጣቢያ ከ2016 ወዲህ ሙዚየም ሆኗል። በመጀመሪያው ሳምንትሽ ሂጂና እዪው። አብረሽ የምትሠሪያቸው ሰዎች ስለ ካምፑ ሲያወሩ ግራ አይገባሽም።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ሥራው ወረቀት ነው። ሰው ከስደተኛ ጋር መሥራት ሲባል ብርድ ልብስ ማደል ይመስለዋል። አንቺ የምትውዪው ግን ከደብዳቤ ጋር ነው። የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የጤና መድን፣ የሥራ አጥ ቢሮ፣ የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀጠሮ። አንዱን ለምሳሌ ልንገርሽ። አንድ ሰውዬ የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ የተደረገበትን ውሳኔ ይዞ መጣ። ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ፋይል በሥርዓት ደርድሯቸዋል። ኃላፊዬ ፋይሉን ገና ሳትከፍተው «ፖስታውስ?» አለችው። ጥሎታል! እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚላከው በቢጫ ፖስታ ነው። ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ በእጁ ይጽፋል። የይግባኙ ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው እንጂ ደብዳቤው ላይ ከታተመው ቀን አይደለም። ቀኑ ደግሞ አጭር ነው፤ በመደበኛው ሁለት ሳምንት፣ ጥያቄው «በግልጽ መሠረተ ቢስ» ከተባለ ወይም በደብሊን ደንብ (ጥያቄውን የትኛው የአውሮፓ አገር ማየት እንዳለበት የሚወስነው ነው) ወደ ሌላ አገር ተመለስ ከተባለ አንድ ሳምንት ብቻ። ሰውዬው ወደ መኖሪያው ሮጠና የጋራ ኩሽናውን የወረቀት ማጠራቀሚያ በርብሮ ፖስታውን ይዞ ተመለሰ። ጥግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሞነጫጨረች ቀን አለች። ኃላፊዬ እሷን አየችና ወዲያው ጠበቃ ጋ ደወለች።

የእኔ ድርሻ ምን ነበር ብትዪኝ፣ ኮፒ ማንሳት፣ ፖስታውን ከደብዳቤው ጋር በስቴፕለር ማያያዝና ሰውዬውን ይዞ ጠበቃው ጋ መሄድ ነበር። ስለዚህ አዎ፣ ፎቶ ኮፒ ታነሻለሽ። ግን እንዲህ ዓይነቱን ነው የምታነሺው።

የሕግ ምክር ግን እንዳትሰጪ። ጀርመን ውስጥ በነፃም ቢሆን ለማታውቂው ሰው የሕግ ምክር የሚሰጠው በሕግ ባለሙያ ክትትል ሥር ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ተማሪዎች በዚህ መልክ የሚያማክሩበት ቦታ አላቸው። ሰው «ይግባኝ ብል ይሻላል?» ሲልሽ ወደ ባለሙያው ምሪው። በትንሽ ከተማ ባለሙያ ብርቅ ስለሆነ ፈተናው ይበዛብሻል፤ አንቺን ነው በቅርብ የሚያገኙሽ።

ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ግን ወረቀቱ አልነበረም። የከተማዋ ትንሽነት ነው። ቢሮ ትዘጊያለሽ፣ ቅዳሜ ሱፐርማርኬት ስትገቢ የጠዋቱ ባለጉዳይ ፓስታ መደርደሪያው ጋ ቆሞ ያገኝሻል። ስልኩን አውጥቶ የደብዳቤ ፎቶ ያሳይሻል። በርሊን ብትሆኚ ይህ ብዙም አይገጥምሽም። እንዳታስከፊው፣ እንዳታነቢለትም። «ሰኞ ይዘኸው ና» በዪውና ሰላምታሽን ሰጥተሽ እለፊ። የግል ስልክ ቁጥርሽንም ለማንም አትስጪ። ቢሮው የሥራ ስልክ ካልሰጠሽ ጠይቂ።

አስተርጓሚም እንደዚያው ነው። አንድ ቋንቋ የሚችሉት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እርስ በርስም ይተዋወቃሉ። አንዲት ሴት በባሏ ስለተደበደበችው ልታወራ መጥታ አስተርጓሚው የባሏ ጓደኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው አላቸው ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው። ይህን ጥያቄ በደንብ ከመለሱልሽ ቢሮው ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። ትግርኛ፣ አረብኛ ወይም ዳሪ የምትችዪ ከሆነ ደግሞ ከአሁኑ ተነጋገሪ። አለዚያ ኢንተርን ሆነሽ ሄደሽ ነፃ አስተርጓሚ ሆነሽ ትቀሪያለሽ።

ቪዛ ላይ የከረመ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የወረቀቱን ጣጣ ብቻ ልጨምር። እህቴ፣ በጉብኝት ቪዛ ገብቼ እሠራለሁ እንዳትዪ። ጀርመን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ላሉ ተማሪዎች ለኢንተርንሺፕ የተለየ የመኖሪያ ፈቃድ አላት። ተማሪ ለሆነ፣ ወይም ከተመረቀ ሁለት ዓመት ላልሞላው ነው፤ ቢበዛ ስድስት ወር። ውል ውስጥ ምን እንደምትማሪ፣ የሥራ ሰዓትሽና ማን እንደሚከታተልሽ በዝርዝር ይጻፍ።

ገንዘቡንም እዪው። ኢንተርንሺፑ በትምህርት ሕጉ የግድ የተባለ ከሆነ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል መክፈል የለባቸውም። በፈቃድሽ የምትሠሪው ሆኖ ከሦስት ወር ካለፈ ግን ይመለከታቸዋል። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በሰዓት 13.90 ዩሮ ነው። ትንሽ ቢሮ ይህን ላይችል ይችላል። ስለዚህ «የግድ ነው» የሚል ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲሽ እንድታመጪ ቢጠይቁሽ አይግረምሽ። ካልሆነ የፌደራሉን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተመልከቺ። በተለምዶ አንድ ዓመት ነው፤ የኪስ ገንዘብና የማኅበራዊ መድን አለው።

ደጉ_ተጠራጣሪ

እኔ እንኳ ሁሉም ይሂድ አልልም። ልጆች ጋ ነው የሚመድቡሽ ከተባልሽ አስቢበት። በየስድስት ወሩ አዲስ ፊት እየመጣ አቅፎ፣ አላምዶ ይሄዳል። ልጆቹ እኮ መለያየት የጠገቡ ናቸው። ቢሮው ከልጆች ጋር ለምትሠሪው ሥራ የወንጀል ነፃ ማስረጃ ካልጠየቀሽ ደግሞ ጭራሽ ተጠንቀቂ። ጥሩ ቦታ ሁሉ ይጠይቃል።

ሊያ_ሶሻልወርክ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ወይዘሪት ፋይል፣ ቢጫው ፖስታ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ጽፌላቸው ነበር። አስተርጓሚውን በስልክ እንደሚያገኙ ነገሩኝ፤ የሥራ ስልክም አለ። የሚከታተለኝ ሰው ማን እንደሆነ ግን «ሁላችንም እንረዳሻለን» ነው ያሉት። ይህስ እንዴት ነው?

ወይዘሪት ፋይል

እሱ አይመቸኝም። «ሁላችንም» ማለት ማንም ማለት ነው። አንድ ስም ስጡኝ በያቸው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ከአንቺ ጋር ብቻ የሚቀመጥ ሰው። ከባድ ነገር ሰምተሽ የዋልሽ ቀን ማታ ይዘሽው ወደ ክፍልሽ እንዳትገቢ። ስሙን ውሉ ላይ ካስገቡልሽ ፈርሚ። እምቢ ካሉ ግን ቅር ሳይልሽ ሌላ ከተማ ፈልጊ፤ ካስል አለች፣ ጊሰን አለች።

ክፍል ግን ከአሁኑ መፈለግ ጀምሪ። ተማሪዎቹ በሚያዝያና በጥቅምት አካባቢ ስለሚጎርፉ ያኔ ጎቲንገን ውስጥ ክፍል ማግኘት ጭንቅ ነው። በመሐል ወር መግባት ከቻልሽ፣ ሴሚስተር ውጭ አገር ለመማር የሚሄድ ተማሪ ክፍሉን ለጊዜው ያከራይሻል። ሳታዪው ቅድሚያ ክፈዪ የሚልሽ ካለ ግን ዝም በዪው።