ልጁ ይጠንክር ወይስ ክፍሉ ይታረም?

የ6ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ ከክፍለ ሀገር ከመጣን ወዲህ ልጄን በአነጋገሩ ሙድ ይይዙበታል። እጁን ማውጣት ተወ። ከ3ኛ ወደ 19ኛ ወረደ። ትምህርት ቤቱ «በራሱ እንዲተማመን አድርጊው» አለኝ። ችግሩ እውነት የሱ ነው? እስቲ ተከራከሩበት።

የሁለት ልጆች አባት፦ አይክፋሽ እህቴ፣ እኔ ከትምህርት ቤቱ ጋር ነኝ። ነገ ሥራ ቦታም የሚያሾፍ አይጠፋም። ቴኳንዶ አስገቢው። የኔዋ ከገባች ወዲህ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምትሄደው። ማርኳም ተሻሽሏል።

የሒሳብ መምህርት፦ ወንድሜ፣ ክፍሌ ውስጥ 62 ልጆች አሉ። አንዱ ሲመልስ ከኋላ ሳቅ ከተነሳ፣ ያ ልጅ ከዚያ በኋላ አይጠይቅም። ክፍልፋይ ሳይገባው አስርዮሽ ይመጣል። አስርዮሹ ሳይገባው መቶኛ ይመጣል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ያልገባውን የመጠየቅ መብቱን ነው የተነጠቀው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የሳይኮሎጂ ተማሪ፦ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ባውማይስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ብዙ ጥናቶችን ገምግመው ነበር። ለራስ ጥሩ ግምት መያዝ ብቻውን ማርክ አያመጣም። እንዲያውም ጥሩ ውጤት ነው ለራስ ያለንን ግምት ከፍ የሚያደርገው። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባንዱራ ያጠናው ግን ሌላ ነው፤ «ይቺን ጥያቄ እችላታለሁ» የሚለውን እምነት። እሱ ደግሞ በምክር ብቻ አይመጣም። በዋናነት ሠርቶ በማየት ነው የሚመጣው።

አባት፦ ታዲያ ቴኳንዶው ከንቱ ነው?

የሳይኮሎጂ ተማሪ፦ በፍጹም፣ ጋሼ። ልጅዎ እዚያ የማይስቁባት ጓደኞችም አግኝታ ይሆናል። ያ ቀላል ነገር አይደለም።

መምህርት፦ ተማሪ በተማሪ ላይ የሚያደርሰውን ማሾፍና ጥቃት ለመከላከል የወጣው የፊንላንዱ ኪቫ የሚባለው ፕሮግራም ዋና ትኩረቱ አጅበው የሚስቁት ላይ ነው። ለብቻው የሚቀልድ ልጅ ቶሎ ይሰለቸዋል። እኔም ዋናውን ልጅ ትቼ አጃቢዎቹን አንድ በአንድ አናገርኩ። ብዙዎቹ አፈሩ። የተሳቀበትን ደግሞ መጀመሪያ ለጎኑ ልጅ እንዲያስረዳ አደረግኩ። ሰሌዳ ላይ የወጣው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

አባት፦ አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ መምህርት። ሁሉም መምህር እንዳንቺ አይደለም። ትምህርት ቤቱ እስኪነቃ ልጁ ምን ይሁን? አሁንም አቋሜን አልቀየርኩም።

እናት፦ እሱም እውነት ነው። ሰኞ የክፍል ኃላፊውን አገኛለሁ። ልጄን ሳይሆን የሚስቁትን እንዲጠራልኝ ነው የምጠይቀው። ዛሬ ማታ ግን ደብተሩን ይዘን እንቀመጣለን። ከክፍልፋይ እንጀምራለን።