የጥላ ቡና ማሳ የያዘው ካርቦን እንዴት ይለካል? (ጅማ ዙሪያ)

የቡና ጥላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዙሪያ ያለ ግማሽ ሄክታር የጥላ ቡና ስንት ካርቦን እንደያዘ ማወቅ ፈልገን ነበር። ዋንዛ፣ ሳሳ፣ ብሳናና ብርብራ አሉበት፤ አፈሩ ቀይ ነው። የዛፎቹን ግንድ በሜትር ለክተን ከቁመታቸው ጋር ቀመር ውስጥ ስናስገባ አንድ ባለ 126 ዋንዛ ብቻውን 6.5 ቶን ባዮማስ (የዛፉ ደረቅ ክብደት) አወጣ። ምኑ ላይ ተሳሳትን? አፈሩስ እስከ ስንት ይቆፈር?

ግንድ ለኪ፦
126 ሴንቲ ሜትር የግንዱ ዙሪያ ነው፣ ቀመሩ የሚፈልገው ዲያሜትር ነው። ለ3.14 አካፍሉት፣ 40 ይመጣል። ዲያሜትሩ በራሱ ስለሚባዛ ስህተቱ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ሆነባችሁ።

ቀመሩ 0.0673 × (የእንጨት እፍጋት × ዲያሜትር² × ቁመት) ቅንፉ ውስጥ ያለው በ0.976 ኃይል (power) ከፍ ብሎ ነው። እፍጋቱን 0.45፣ ቁመቱን 18 ሜትር ብትወስዱ 695 ኪሎ ደረቅ ባዮማስ ይሆናል። በ0.47 ስታባዙት 327 ኪሎ ካርቦን። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተጠየቃችሁ ደግሞ በ3.67 አባዙ። ሁለቱን አንድ ሠንጠረዥ ላይ እንዳትቀላቅሉ፣ አደራ።

ልኬቱ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ነው፤ ተዳፋት ላይ ከዳገቱ በኩል ቁሙ። ከዚያ በታች የተከፈለውን ግንድ ለየብቻ ለኩ። ቡናውን ግን በዚህ ቀመር አትንኩት! እሱ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይለካና ዲያሜትር² × 0.147 ነው፤ ባለ 5 ሴንቲ ሜትር ግንድ 3.7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብዙ ግንድ ካለው እያንዳንዱን አስልታችሁ ደምሩ።

ቀይ አፈር፦
ዛፉ ላይ ይህን ያህል ከተጨነቃችሁ አፈሩ ላይ እጥፍ ተጨነቁ፣ ትልቁ ክምችት እዚያ ነው። ቢያንስ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ። ላይ ያለውን የቅጠል ምንጣፍ መጀመሪያ ጥረጉና ለብቻው መዝኑት፤ አፈሩ ውስጥ ከገባ ውጤቱን ያሳብጠዋል።

ሁለት ዓይነት ናሙና ያስፈልጋል። ለላቦራቶሪው ከዛፍ ሥርም ከክፍት ቦታም አንስታችሁ ቀላቅሉ፣ በጥላ አድርቁ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉ። ለአፈሩ እፍጋት (አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ደረቅ አፈር ስንት ግራም እንደሚመዝን) ደግሞ ባለ 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ የብረት ቀለበት ከየጥልቀቱ ጎን አስገቡና በ105 ዲግሪ 24 ሰዓት አድርቃችሁ መዝኑ። እርጥብ ሸክላ ላይ ቀለበቱን በመዶሻ ከደበደባችሁት አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ እፍጋቱም በሐሰት ይጨምራል።

ለምሳሌ ደረቁ 92 ግራም ቢመዝን እፍጋቱ 0.92 ነው። ካርቦኑ 4% ከሆነ 4 × 0.92 × 30 = 110 ቶን በሄክታር። ለግማሽ ሄክታር 55 ቶን ማለት ነው፤ ያንን ዋንዛ የሚያክሉ ከ160 በላይ ዛፎች ከመሬት በላይ የሚይዙት። ላቦራቶሪው የሰጣችሁ ኦርጋኒክ ቁስ ከሆነ መጀመሪያ ለ1.724 አካፍሉት፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የቡና ጥላ፦
እግዜር ይስጥልን፣ ገባን። የቡና ገለፈት ኮምፖስት ብንጨምርበት ክምችቱ ያድጋል?

ቀይ አፈር፦
ገለፈቱ ከዚያው ማሳ ከሆነ የወጣውን መመለስ ነው። ከሌላ ቦታ ካመጣችሁት ግን ካርቦኑ ቦታ ቀየረ እንጂ ከአየር አዲስ አልተወሰደም፤ ሒሳቡ ላይ ለዩት። አብዛኛውንም ተዋህስያን በልተው መልሰው ይተነፍሱታል። ከሁሉ በላይ ግን አፈሩን ደጋግማችሁ አትቆፍሩት፤ ጓሉ ሲፈርስ ውስጡ የተሸሸገው ቁስ ለተዋህስያኑ ይጋለጣል። አረሙን በማጨድ ያዙት፣ የታጨደውንም እዚያው ተዉት።