ተስፈኞቹን እንጠብቅ ወይስ ለዘንድሮ ዋንጫ እንለውጣቸው? የካፒታልስ የሆኪ ቡድን ደጋፊዎች ክርክር፣ በፈረንጆቹ 2025 ክረምት

ባልስተን፦
ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን በየቦታው የሚነሳውን ነገር አንዴ አፍረጥርጠን እንነጋገርበት። የሆኪ ቡድናችን ዋሽንግተን ካፒታልስ ባለፈው የውድድር ዘመን (2024-25) 111 ነጥብ ሰብስቦ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። በጥሎ ማለፉ (ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ያልፋል) ሞንትሪያልን 4 ለ 1 አሰናበትን፤ ቀጥሎ ካሮላይና እኛኑ 4 ለ 1 ሸኘን። አምበላችን ኦቬችኪን (ኦቪ) ኤፕሪል 6 ቀን 2025 በ895ኛ ጎሉ የግሬትዝኪን የምንጊዜም የጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ውሉ ግን የቀረው አንድ ዓመት ነው፤ መስከረም ላይ 40 ይሞላዋል።

በሌላ በኩል ገና ያልደረሱ ልጆች አሉን፦ ራያን ሌናርድ፣ ኮል ሀትሰን፣ አንድሩ ክሪስታል፣ ኢልያ ፕሮታስ፣ ቴሪክ ፓራስካክ። የተስፈኞች ደረጃ የሚያወጡት ጋዜጠኞች ስማቸውን ደጋግመው ያነሳሉ። ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ሰጥተን ዛሬ የሚጫወት ትልቅ ሰው እናምጣ ወይስ እንታገስ? እኔ እንታገስ ባይ ነኝ።

የ98ቱ፦
ልጄ፣ ትዕግሥትን ለእኔ አታስተምረኝ። ይህን ቡድን ማየት የጀመርኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ በደረሰበት ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ 1998። ዲትሮይት 4 ለ 0 ጠራርጎን ሄደ። ዋንጫ ለማየት ሌላ 20 ዓመት ጠበቅሁ። አሁን ደግሞ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ልትሉኝ ነው። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ኦቪ ጡረታ ወጥቶ ሞስኮ ዓሣ ያጠምዳል።

2018ን አስታውሱ። ቬጋስ ላይ ዋንጫውን የወሰነችውን ጎል ያገባው ላርስ ኤለር ነው። ኤለርን በምን አመጣነው? በሁለት የሁለተኛ ዙር የድራፍት ምርጫዎች፣ ማለትም አዲስ ወጣት በምንመርጥበት ተራ። ሚካል ኬምፕኒስ? በአንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ። ያኔም "የነገ ተስፋ" ነው ብለን ብንታቀፈው ኖሮ ዋንጫውን ዛሬም በፎቶ ነበር የምናየው።

ቁጥር ይናገር፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የሰመረውን ብቻ ነው የቆጠሩት። ፊሊፕ ፎርስበርግን ረሱት እንዴ? በ2012 በ11ኛ ምርጫ ወሰድነው። ገና ለእኛ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት በኤፕሪል 2013 ለናሽቪል ሰጥተን ማርቲን ኤራትን ተቀበልን፤ ምክንያቱ ያው "ዘንድሮ ማሸነፍ አለብን" ነበር። ኤራት ዓመት ሳይሞላው ልቀቁኝ አለ። ፎርስበርግ ለናሽቪል ከ300 በላይ ጎል አግብቷል።

በ2017ም ኬቨን ሻተንከርክን ለማምጣት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ከፈልን። በሁለተኛው ዙር ፒትስበርግ አስወጣን፤ ሻተንከርክ በዚያው ክረምት ሻንጣውን ይዞ ኒውዮርክ ገባ።

የ98ቱ፦
ፎርስበርግን አልረሳሁም። ማን ይረሳዋል! ስሙ በተነሳ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል። ግን አንድ ስህተት ስለተሠራ ገበያ አይወጣም ማለት ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይቅርታ፣ እኔ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነኝ። ወደዚህ የገባሁት ልጆቼ ስለ ሆኪ ሲያወሩ ዝም ብዬ እንዳላይ ነው። አንድ ነገር አልገባኝም፦ ልጁ ከተመረጠ ለምን ወዲያው አይጫወትም? የማይጫወት ሰው ላይ ይህን ያህል መጨቃጨቅ ምን ይባላል?

ባልስተን፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ 32ቱ ቡድኖች በ7 ዙር 224 ልጆች ይመርጣሉ። አብዛኞቹ የ18 ዓመት ልጆች ናቸው። መመረጥ ማለት ቡድኑ የማስፈረም መብት አገኘ ማለት ብቻ ነው። ልጁ ወደ ካናዳ ጁኒየር ሊግ፣ ወደ አሜሪካ ኮሌጅ ወይም ወደ አውሮፓ ክለቡ ይመለሳል። ሲጎለምስ የእኛዎቹ ወደ ሄርሺ ይላካሉ፤ ፔንሲልቬኒያ፣ ያቺ የቸኮሌት ከተማ። ሄርሺ ቤርስ ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ሊግ በ2023 እና በ2024 በተከታታይ ዋንጫ የበላ ቡድን ነው። አሠልጣኛችን ስፔንሰር ካርበሪም ያደገው እዚያ በማሠልጠን ነው።

የምንጨቃጨቀው ለምንድን ነው ላልከው፣ በደሞዝ ጣሪያው የተነሳ ነው። ሊጉ ለእያንዳንዱ ቡድን ወሰን አበጅቷል፤ ለ2025-26 ዘመን 95.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ወጣት በመጀመሪያ ውሉ ላይ መነሻ ደሞዙ ከ1 ሚሊዮን በታች ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ በዚያ ዋጋ 25 ጎል ካገባልህ በተረፈህ ገንዘብ ሌላ ኮከብ ትገዛለህ።

ሞንትሪያል ነኝ፦
የዋሽንግተን ሰዎች ስለ ተስፈኛ ሲያወሩ መስማት ደስ ይላል። እኛ ስላፍኮቭስኪን በ2022 በአንደኛ ምርጫ፣ ዴሚዶቭን በ2024 በአምስተኛ ምርጫ አግኝተናል። ሌን ሀትሰንን ደግሞ 62ኛ ላይ አንስተን ዘንድሮ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሆነ። የእናንተ ኮል ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ትልቁ እኛ ጋ መሆኑን አትርሱ።

ቁጥር ይናገር፦
ትልቁን በ5 ጨዋታ ወደ ቤቱ ልከነዋል ወንድሜ፣ ሰላምታ አድርስልን።

ግን የአንተን ቡድን ማንሳትህ ጠቀመኝ። ሞንትሪያል በዚህ ክረምት ምን አደረገ? 16ኛና 17ኛ ምርጫውን ከኤሚል ሃይነማን ጋር ለኒውዮርክ አይላንደርስ ሰጥቶ ተከላካዩን ኖዋ ዶብሰንን አመጣ። ስላፍኮቭስኪን አልሰጠም፣ ዴሚዶቭን አልሰጠም፣ ሀትሰንንም አልሰጠም። ገና ስም ያልወጣለትን ምርጫ ነው የመነዘረው። ጋሼ የጠቀሷቸው ኤለርና ኬምፕኒም እንዲሁ በምርጫ ነው የመጡት፤ ያኔ ማንም በስም የሚያውቀው ልጅ አልሄደብንም። በስም የሄደብን ፎርስበርግ ነው።

የ98ቱ፦
ይህቺ ብልጠት ናት። ኮል ሀትሰን ራሱ እኮ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ነው፤ 43ኛ። በ2024 ያን ምርጫ እንደ ኤለር ጊዜ ብንመነዝረው ኖሮ ዛሬ የምትሳሳለት ልጅ አይኖርም ነበር። ምርጫ ስትሰጥ ስሙን የማታውቀውን ልጅ ነው የምትሰጠው፣ ልዩነቱ አለማልቀስህ ነው።

ባልስተን፦
እዚህ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው።

የበረኛዋ እናት፦
እኔ ደግሞ የደረጃው ነገር ነው የሚያበሳጨኝ። አንዱ ጽሑፍ ከላይ ያስቀምጠናል፣ ሌላው መሐል ይጥለናል፤ ሁለቱም ስለ አንድ ቡድን ነው የሚያወሩት። ቆይቼ ስረዳ አቆጣጠራቸው ይለያያል። አንዳንዱ ከ23 ዓመት በታች የሆነውን ሁሉ፣ በዋናው ቡድን የሚጫወተውንም ጭምር ይቆጥራል። ሌላው ልጁ ዋናው ቡድን ውስጥ ቦታ እንደያዘ ከዝርዝሩ ያወጣዋል። በሁለተኛው አቆጣጠር ኮነር ማክማይክልና አሌክሲ ፕሮታስ ከዝርዝሩ ከወጡ ቆይተዋል። ባለፈው ዘመን አንዱ 26፣ አንዱ 30 ጎል ያገቡ ልጆች! ቡድኑ ልጆቹን በደንብ ባሳደገ ቁጥር ደረጃው ዝቅ ይላል ማለት ነው።

በረኛም ይረሳል። ብሬደን ሆልትቢ በ2008 የተመረጠው 93ኛ ላይ ነው። የዚያን ዓመት ዝርዝር ከላይ ብቻ ያነበበ ሰው በ2018 በፍጻሜው ሁለተኛ ጨዋታ አሌክስ ታክ ላይ ያዳናትን ፓክ (የሆኪዋን ኳስ) ሊገምት ይችል ነበር? ልጄ በረኛ ስለሆነች አይደለም ይህን የምለው። እሺ፣ ትንሽ ስለሆነችም ነው።

ቁጥር ይናገር፦
እህቴ፣ ስለ ማክማይክል ያነሳሽው ዋናው ነገር ነው። በ2019 በ25ኛ ምርጫ ተወሰደ። በጁኒየር ሊግ በ2019-20 ለለንደን ናይትስ 102 ነጥብ (ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) አስመዘገበ። ዋናው ቡድን ገባ፣ ከዚያ መልሰው ሄርሺ ላኩት። ስንቱ ነው ያኔ "ከሰረ" ያለው! ጸንቶ የቆመው በ2023-24 ነው። አሌክሲ ፕሮታስማ በዚያው ዓመት 6 ጎል ብቻ ነበረው፤ በቀጣዩ 30 አገባ። በስድስት ጎሉ ጊዜ ብንሸጠው ዋጋው ስንት ነበር?

የ98ቱ፦
ላፒዬርስ? ሄንድሪክስ ላፒዬር በ2020 በ22ኛ ምርጫ መጣ፣ በ2024 የሄርሺ ዋንጫ ጊዜ የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተባለ፣ በቀጣዩ ዓመት ዋናው ቡድን ውስጥ መጽናት አቅቶት ተመለሰ። እሱንም ጠብቀነዋል። የሚበስለውን ስትቆጥር የሚያርረውንም ቁጠር።

ሞንትሪያል ነኝ፦
ቁም ነገር ልናገር። ስለ ክሪስታል አትታለሉ። 132 ነጥብ በምዕራብ ካናዳ ጁኒየር ሊግ ማለት ብዙ ነው፣ የሊጉ ቀዳሚ ነው። ግን በ2023 እስከ 40ኛ የወረደው በምክንያት ነው፤ ሰውነቱ ትንሽ ነው፣ ስኬቲንጉም ፈጣን አይደለም። ከእሱ በሁለትና በሦስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ነው የተጫወተው። በዋናው ሊግ ያ የሚያገኘው ክፍተት በግማሽ ሰከንድ ይዘጋል።

ባልስተን፦
እጆቹ ግን! ፓኩን በጠባብ ቦታ የሚያሳልፍበት መንገድ አይማሩትም። በዚህ ክረምት ልምምዳቸውን ባልስተን በሚገኘው የበረዶ ሜዳ ያየ ሰው ይመስክር፤ መግቢያው ነጻ ነው፣ ከገበያ ማዕከሉ ፓርኪንግ ጣሪያ ላይ ነው። ግን ስለ እሱ ጥርጣሬ መኖሩን አልክድም።

የእኔ ቀይ መስመር ሌናርድና ሀትሰን ናቸው። ሌናርድ በ2023 በ8ኛ ምርጫ የመጣ ነው፤ ከካርል አልዝነር ወዲህ፣ ማለትም ከ2007 ወዲህ፣ ያን ያህል ከፍ ብለን መርጠን አናውቅም። ለቦስተን ኮሌጅ ባለፈው ዘመን 30 ጎል አግብቷል። በ2025 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና አሜሪካ ወርቅ ስታገኝ የውድድሩ ኮከብ እሱ ነው። በዚያው ውድድር በነጥብ ቀዳሚ የሆነው ደግሞ ኮል ሀትሰን ነው፣ 11 ነጥብ፤ ተከላካይ ሆኖ! ተከላካያችን ጆን ካርልሰን 35 ዓመቱ ነው፣ ውሉ በ2026 ያልቃል። ፓወር ፕሌዩን (ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ሲጎድልበት ያለውን ጨዋታ) ከኋላ፣ ከሰማያዊው መስመር የሚመራ ሰው ከየት ይመጣል? የ18 ዓመት ጎል አግቢ ፈልገህ ላታጣ ትችላለህ፣ እንዲህ ያለ ተከላካይ ግን በገበያ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው ለዶብሰን የተከፈለው ነው።

የበረኛዋ እናት፦
ሀትሰን ግን አሁንም ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አልፈረመም። ኮሌጅ ጨርሶ ሳይፈርም የቀረ ልጅ ነጻ ወጥቶ የፈለገው ቡድን ሊሄድ ይችላል። እጃችን የገባ አድርገን አናውራ።

ቁጥር ይናገር፦
እውነት ነው፣ አደጋው አለ። ግን ገና አንድ ዓመት ነው የተማረው።

ስለ መለወጥ ከሆነ፣ ባለፈው ክረምት የሆነውን እዩ። በ2023-24 91 ነጥብ ነበረን፣ በቀጣዩ 111። መሐል ላይ ማን መጣ? ዱቧን በበረኛው ኩምፐር ለወጥን፣ ሎጋን ቶምሰንን በሁለት የሦስተኛ ዙር ምርጫ፣ ቺክረንን በኒክ ጀንሰንና በአንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ። 20 ነጥብ ጨመርን፣ ከልጆቹ አንድም አልሄደም። እንዲህ ያለውን ገበያ እኔም እደግፋለሁ።

የ98ቱ፦
እንዲህ ያለ ገበያ በየዓመቱ አይገኝማ! ያኔ ሌሎች ሊያወርዱት የፈለጉትን ዕቃ ነው ያነሳነው። አሁን ጣሪያው ከፍ እያለ ነው፤ በ2026-27 104 ሚሊዮን ይሆናል። ሁሉም ገንዘብ አለው፣ ማንም ጥሩ ተጫዋች የሚጥል የለም። በገንዘብ ካልተገዛ በሰው ነው የሚገዛው።

እስቲ ልጆቹን ቁጠሯቸው። ሌናርድ ክንፍ (በጎን የሚያጠቃ)፣ ክሪስታል ክንፍ፣ ሚሮሽኒቼንኮ ክንፍ፣ ፓራስካክ ክንፍ። ዘንድሮ በ27ኛ ምርጫ የወሰድነው ላኮቪችም ክንፍ። የዶሮ ብልት እንኳ ይህን ያህል ክንፍ የለውም። ሴንተር (የመሐል አጥቂ) የታለ? ስትሮምና ዱቧ ካሉ በኋላ ማን ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይቺን ወደድኳት ጋሼ።

ባልስተን፦
ኢልያ ፕሮታስ ሴንተር መጫወት ይችላል። በ75ኛ ምርጫ መጥቶ ለዊንዘር 124 ነጥብ አስመዘገበ። ደግሞ የተመረጠው ከአሜሪካ ጁኒየር ሊግ ስለሆነ የካናዳዎቹ የዕድሜ ገደብ አይይዘውም፤ በ19 ዓመቱ ሄርሺ መጫወት ይችላል። ስዊድናዊው ጋስትሪንም አለ፣ 37ኛ።

የክንፉ ብዛት ግን እውነት ነው፣ አልከራከርም። ከትርፉ እንስጥ ከተባለ እሺ። ከክሪስታልና ከፓራስካክ አንዱ።

የበረኛዋ እናት፦
ፓራስካክ ይቆይ። በመጀመሪያ ዓመቱ 105 ነጥብ ያገኘ ልጅ ነው፣ ከፓክ ውጭ ያለው ጨዋታውም ጥሩ ነው።

የ98ቱ፦
ጨረስን። ክሪስታልንና የ2026 የመጀመሪያ ዙር ምርጫችንን ስጡ፣ ሁለተኛ መስመር ላይ የሚሰለፍ ሴንተር አምጡ። ከመጸው በፊት። በየካቲት ኦሎምፒክ አለ፣ ጨዋታው ይጠጋጋል፣ ሽማግሌዎቹ ይደክማሉ። እስከ ማርች ከጠበቃችሁ ዋጋው እጥፍ ነው።

ባልስተን፦
ክሪስታል ብቻውን ከሆነ እስማማለሁ። የመጀመሪያ ዙር ምርጫው ግን አይነካም።

የ98ቱ፦
ያለ ምርጫው ማንም ስልክህን አያነሳም።

ቁጥር ይናገር፦
ካላነሳ ይቅር።