የአባት አስም ለልጅ የማይቀር ዕጣ ነው?

ጥያቄ (እናት፣ ከአዲስ አበባ)
ባለቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ አስም አለበት። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጃችን በክርኗና በጉልበቷ መታጠፊያ ላይ ችፌ ወጥቶባታል፤ ጉንፋን በያዛት ቁጥርም ደረቷ ሲር ሲር ይላል። አማቴ «የአባቷ ዘር ነው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም» ይላሉ። ነገሩ በእርግጥ በዘር ያለቀ ነው? የዘረመል ምርመራስ ይጠቅማል?

መልስ (የሕፃናት ሐኪም)
ለጠያቂዋ እህት፤ አማትዎ ያሉት በከፊል እውነት ነው። ከመንትዮች አንዱ አስም ሲይዘው ሌላውም የመታመሙ ዕድል ከአንድ ዕንቁላል በተገኙት ዘንድ ከሌሎቹ ይልቅ ከፍ ይላል። ሆኖም ተራውን አስም ብቻውን የሚያመጣ አንድ ዘረመል የለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ በልጅነት ከሚጀምር አስም ጋር የተያያዘ ስፍራ ተለይቶ ነበር፤ በኋላ የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት ግን የዚህ ስፍራ ተጽዕኖ ጎልቶ የሚታየው በጨቅላነታቸው ለሲጋራ ጭስ በተጋለጡ፣ እንዲሁም ራይኖቫይረስ የተባለው የጉንፋን ቫይረስ ደረታቸውን ሲር ሲር ባሰኛቸው ልጆች ላይ ነው።

ችፌን በተመለከተ፣ ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረመል ሲበላሽ ቆዳ እርጥበት መያዝ ያቅተዋል፤ አለርጂ ቀስቃሽ ነገሮችም በቀላሉ ዘልቀው ይገባሉ። ይህ በአውሮፓውያን ዘንድ የታወቀ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ በኢትዮጵያውያን የችፌ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከአንድ አዲስ የዘረመል ለውጥ በቀር በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመዱትን ለውጦች አላገኘም። ስለዚህ በአውሮፓውያን መረጃ ላይ የተመሠረተ ምርመራ ለልጅዎ ብዙም አይነግርዎትም፤ ገንዘብዎን እንዳያባክኑ እመክራለሁ።

መልስ (የባዮሎጂ መምህር)
በአሜሪካ የሚኖሩት አሚሽና ሃተራይት የተባሉ የሁለት ክርስቲያን ማኅበረሰቦች ገበሬዎች በዘረመል እጅግ ይቀራረባሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት ግን አስም ያለባቸው የአሚሽ ተማሪዎች 5 በመቶ፣ የሃተራይት ተማሪዎች ደግሞ 21 በመቶ ገደማ ነበሩ። አሚሾች በፈረስ ያርሳሉ፤ ልጆቻቸውም በረት አጠገብ ያድጋሉ። ሃተራይቶች የሚያርሱት በዘመናዊ ማሽን ሲሆን ልጆቻቸው ከከብቶች ርቀው ያድጋሉ። በአሚሾች ቤት አቧራ ውስጥ የተገኘው የባክቴሪያ ቅሪትም ከሃተራይቶቹ ከ6 እጥፍ በላይ ነበር። እኛም ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የጅማ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳይቷል፤ በዚያች አጭር ርቀት የሕዝቡ ዘረመል ይህን ያህል ይለያያል ማለት ይከብዳል።

ጠያቂዋ
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቤታችን የሚያጨስ የለም፤ ነገር ግን ቡና በየቀኑ በከሰል ይፈላል፣ ዕጣንም ይጨሳል። ይህ ይጎዳታል?

መልስ (የሕፃናት ሐኪም)
አዎን፣ የከሰልም ሆነ የዕጣን ጭስ የአየር ቧንቧዋን ይቆጣዋል። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ዕጣኑም ልጅቷ ካለችበት ክፍል ይራቅ። ገላዋን እንዳጠቧት፣ ቆዳዋ ሳይደርቅ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይቀቧት። ስትታከም አባቷ አስም እንዳለበት ለሐኪሙ ይንገሩ። ስትተነፍስ በጎድን አጥንቶቿ መካከል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ጡት መጥባት ካቃታት፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይውሰዷት።